ይግባኝ የለም ያለው ሙሐዲን

ይግባኝ የለም የሚለውን ቃል ያስጻፈው ራሱ ሙሐዲን ነው። ዛሬ ሐይቅ ከተማ ወጥቶ ላገኘው ሁሉ ሽማግሌዎቹ በደሉኝ ቢልም ቃሉ የሱ ነው።

ነገሩ የከብት መውረጃ ነገር ነው። የጎረቤቱ የአስረስ በሬዎች ወደ ሐይቁ የሚወርዱት በሙሐዲን ደጅ በኩል ነበር። ሙሐዲን አንድ ቀን ተነስቶ በእሾህ አጠረው። ልጆች ሳሉ አስረስ የክፍል አለቃ ነበር፤ የሙሐዲንን ስም ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ስንቴ አስገርፎታል። ሙሐዲን ከአራተኛ ክፍል ወጣ፤ አስረስ ገፋበት። ይህ ይረሳል?

ጉዳዩ በሽማግሌ ይለቅ ሲባል ሙሐዲን ፈራ። ይሄ ሰውዬ ወረቀት ያውቃል፣ ብረታው እንኳ በይግባኝ ደሴ ድረስ ይጎትተኛል አለ በሆዱ። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ውሳኔ የመጨረሻ ይሁን፣ ማንም ይግባኝ አይበል፣ ይህም ይጻፍ ብሎ ድርቅ አለ። አስረስ ትንሽ አመነታና ፈረመ። ሙሐዲን አጎቱን ሸህ ኑርዬን መረጠ፤ አስረስ ታረቀኝ የሚባል ዘመዱን። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሦስተኛውን ጨመሩ።

ሦስቱም ባንድ ቃል ወሰኑ። አጥሩ ይነሳ፣ በሬዎቹ ይለፉ፣ ሁለቱም ሰላምታ አይነፋፈጉ አሉ። አጎቱም አብረው ወሰኑ!

ሙሐዲን አጥሩን አላነሳም። አስረስ ውሳኔውን ይዞ ይፈጸምልኝ ሲል ፍርድ ቤት ገባ። ሙሐዲን እንዲያውም ደስ አለው፤ አሁን እውነተኛ ዳኛ ያየዋል። በሬዎቹ የረገጡበትን ሽንኩርት፣ የሰሌዳውን ነገር ሳይቀር ሊናገር ተዘጋጅቶ ቀረበ። ዳኛዋ ግን ስለ መውረጃው አንድም ነገር አልጠየቁትም።

"ሽማግሌዎን ማን መረጠው?"

"እኔው።"

"ሽማግሌዎቹ ቃልዎን ሰምተዋል?"

"ሰምተዋል፣ ግን..."

"ፊርማው የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

ፍርድ ቤቱ ሽማግሌ የወሰነውን እንደ አዲስ እንደማይመረምር፣ አድልዎ ወይም ማታለል ካለ ግን እንዲያስረዳ ነገሩት። አጎቴ አዳላብኝ ብሎ ለማን ይናገራል? ይፈጸም ተባለ፤ እምቢ ካለ ፖሊስ ያነሳዋል።

ፖሊስ ደጁን ሲረግጥ ሰፈሩ እንዳያይበት፣ እሾሁን በገዛ እጁ ነቀለ። ሰላምታን ግን ማንም ፖሊስ አያስፈጽምም ብሎ ተጽናና።

በማግስቱ ጠዋት በሬዎቹ መጡ። ሸህ ኑርዬም መጥተው ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

"ሙሐዲን፣ እንዴት አደርክ?" አለ አስረስ።

ሙሐዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አስረስ አልሄደም፤ በሬዎቹን እደጁ ላይ አቁሞ ጠበቀ።

"የመረጥከኝ አንተ ነህ ልጄ" አሉ አጎቱ፣ ቀስ ብለው። "አታዋርደኝ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙሐዲን ለግድግዳው።

አስረስ በሬዎቹን ነዳ። ማታም በዚሁ ነው የሚመለሱት።