በእጅ የተሣለ ፊት

ሐሙስ የካቲት 10 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መዲና የደንገል ሸክሟን ጣና ዳር አውርዳ ቀና ስትል ልጇን ዳውድን በሁለት ቦታ አየችው። አንዱ ዳውድ ከመንገድ ተከልሎ፣ ከደንገሉ ክምር ጀርባ ጎንበስ ብሎ ደንገሉን እያሰረ ታንኳ ይሠራል፤ ሌላው ከፈረንጁ ሠዓሊ ሸራ ላይ ተቀምጧል። የግራ ቅንድቡ ጠባሳ እንኳ አልቀረም።

ወደ ሸራው ጠጋ አለች።

ሰኞ ዕለት ይህ ከቡልጋሪያ የመጣ ሠዓሊ የባሕር ዳርን ሰው በሥራው ላይ ልሣል ሲል እሺ ያለችው ራሷ ነበረች። ፎቶግራፍ ቢሆን በጄ አትልም ነበር። በእጅ የተሣለ ፊት ግን ማንንም አይመስልም ብላ ታምናለች፤ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታልፍ አሻግራ ያየቻቸው ሥዕሎች ሁሉ ዐይናቸው ትልልቅ፣ መልካቸውም የአንድ እናት ልጆች መልክ ነው። የዳውድም እንደዚያ መስሏት ነበር።

«እንዴት ነው፣ እማማ መዲና?» አላት አስተርጓሚው አምባቸው። ሶፊያ ተምሮ የተመለሰ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚሠራ የሌላ ቀበሌ ሰው ነው። «ሥዕሉ ከልጅዎ ሳይሻል አይቀርም። እሱ አንዲት ታንኳ ይዞ ሳምንት ሊሞላው ነው።»

«ሲደርቅ ወዴት ትወስዱታላችሁ?»

«እሑድ እዚሁ ቀበሌያችሁ አዳራሽ ይሰቀላል። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ይመርቁታል።»

መዲና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ እኔ ለቀበሌው ዳውድ እንፍራንዝ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ብያለሁ። ለውትድርና ይፈለጋል። ታላቁን ሰጥቻለሁ፤ ወሬው እንኳ አልመጣልኝም። ፊቱን ያጥፋልኝ በለው።»

አምባቸው ወደ መንገዱ ተገላመጠ። ሌሊቱን ፋብሪካ አድሮ የመጣ ሰው ነበርና ዐይኑ ቀልቷል።

«እኔ የተላክሁ ሰው ነኝ፣ እማማ። ለምን ይጥፋ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

«አሮጊቷ ሥዕል አትወድም በለው። ጥፋቱን በእኔ አላክከው።»

አምባቸው በፈረንጁ ቋንቋ ጥቂት ቃል ተናገረ። የሠዓሊው ፊት በራ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለመዲና እጅ ነሣ። ያንጊዜ የሷ ቃል እንዳልደረሰው ገባት። የሠራኸውን አጥፋ የተባለ ሰው እንዲህ ደስ አይለውም።

«ምን አልኸው?»

«እጅግ ወደውታል አልሁት።»

አልተቆጣችም። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ዳውድን በዐይኗ ወደ ቤት ጠቀሰችው፤ እሱም የያዘውን ገመድ ጥሎ ገባ። እሷ ልጇ ከተነሣበት ተቀመጠች፤ እንደ እሱ ጎንበስ ብላ ደንገሉን በጉልበቷ ተጫነች፤ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች።

«እንግዲያው በእሱ ፊት ላይ የእኔን ይደርብበት በለው» አለች። «እኔን ብሎ የሚመጣ የለም።»

ሠዓሊው ብሩሹን እንደያዘ አምባቸውን አየ። አምባቸው ሐይቁን አየ፤ ከዚያም በዚህ ጊዜ ቃሏን ሳይለውጥ ነገረው።