የቆረቆንዳ ከሰል

ባሌ ሙጂብ ከጅዳ በደወለ ቁጥር «ሐያትዬ፣ ያ የወይራ ውኃሽ አለ?» ይለኛል። ገንቦውን በወይራ ጭስ ሳላጥን ውኃ አልቀዳበትም፤ ከእናቴ የወረስኩት ልማድ ነው። እኔ እሱን ስናፍቅ ሰባት ዓመት ሞላኝ፣ እሱ ገንቦ ይናፍቃል! እየሳቅኩ እመልስለትና ስልኩ ሲዘጋ አለቅሳለሁ።

ዘንድሮ የሰፈራችን ጉድጓድ ውኃ መሽተት ጀመረ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው አንጠጣም አሉ፤ በዚያ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ከንፈራቸው ደርቆ ይውላል። ለሙጂብ ስነግረው «መጥቼ አያለሁ» አለ። በልጆቼ ጥም መደሰቴ ቢያሳፍረኝም ደስ አለኝ።

ኮሌጅ የሚያስተምሩት ጎረቤታችን እትዬ ስንታየሁ፣ ሽታ የሚስብ ከሰል አሠራር አሳዩኝ። የአካባቢያችን የቀወት ገበሬ በቆሎውን ፈልፍሎ የሚጥለውን ቆረቆንዳ ሰብስቤ፣ አየር በማያስገባ በርሜል አከሰልኩት። ወቅጬ በሎሚ ጭማቂ ዘፈዘፍኩት፤ ደግሜ በእሳት አግዬ አጠብኩት። ፊቴ የድስት ቂጥ መሰለ። ከአሸዋ ጋር በባልዲ ደርድሬ ውኃውን ባሳልፈው፣ ሽታው ድራሹ ጠፋ። ለሙጂብ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሲመጣ አይቶ ይደነቃል፤ ያኔ «አብረን እየሠራን እንሸጣለን፣ ጅዳ ምን አለህ?» እለዋለሁ።

መጣ። ገንቦውን ሦስት ጊዜ አጥኜ ውኃውን አሳደርኩበት። ጠዋት ደግሞ የጉድጓዱ ሽታ እንዳይቀርበት ብዬ፣ በከሰሉ አሳልፌ ቀዳሁለት። ብልጥ መሆኔ እኮ ነው!

ሙጂብ ጨልጦ ጠጣና «ማሻአላህ! ልክ የጅዳ ውኃ!» አለ።

ነጥቄ ቀመስኩት። የወይራው ጠረን የለም። ከሰሉ መጥፎውን ከጥሩው የሚለይ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱንም ወስዶታል። እሱ ግን አንድም ነገር የጎደለበት አይመስልም፤ ልጆቹን ጠርቶ እየተሳሳቀ አጠጣቸው።

«አሁን ልቤ አረፈ» አለኝ። «አሠሪዬም ቶሎ ና እያለኝ ነው። ያሰብኩትን አንድ ወር መቀመጥም አያስፈልገኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ። ከእንግዲህ ምን ይጎድላችኋል?»

«አንተ ነሃ! ያን ሁሉ ከሰል ያከሰልኩት አንተን ላስቀርበት ነበር» አልኩት። ሰባት ዓመት በስልክ አፍሬ ያልነገርኩትን፣ በልጆቹ ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ልጆቹ መጠጣታቸውን አቁመው አዩኝ።

ሙጂብ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ብርጭቆውን ዘረጋና «እስኪ ድገሚኝ» አለ።

ቀዳሁለት።