የነብሩ ወገን

የአግማስን ላም ነብር የገደላት የጎፍ ደን ጠርዝ ላይ ነው። ሌላ ላም የለውም። ሚስቱ አትጠገብ አራስ ናት፤ የቤቱ ወተት ከዚያችው ላም ነበር። በማግስቱ አግማስ ደሴ ወጣና ከሰኞ ገበያ የተባይ መርዝ ገዝቶ ተመለሰ። ነብር ወደ ጣለው ሥጋ ይመለሳል። ሥጋው ላይ ሊነሰንሰው ነው።

እኔ አበጋር ነኝ። ደም ሲፈስ ለዕርቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኔ ዘንድ ይመጣል። አግማስ ግን አልመጣም። የመጣው የደኑ ጠባቂ ሀምዲን ነው።

“ሼህ አብዱልሰላም፣ ይድረሱልኝ” አለ። “የሚሞተው ነብሩ ብቻ አይደለም። አሞራውም ጅቡም ያልቃል። ሲዘንብ ደግሞ መርዙ ወደ ምንጩ ይወርዳል።”

አግማስን አቀበቱ ላይ ደረስንበት። ከረጢቱን ይዟል።

“አግማስ፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ለደም አይኬድም” አልኩት።

“ሼሁ፣ ነብር ሽማግሌ ያውቃል? ማን ሊቆምለት ነው? አጎቱ?”

“እኔ እቆማለሁ” አለ ሀምዲን። “ወገኑ እኔ ነኝ።”

አግማስ ሳቀ። “ጢምህን አይቼ ጠርጥሬ ነበር!”

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። “ደኑን ስትከልሉ ግጦሻችንን ወሰዳችሁ። ላሜ ሣር ፍለጋ ወደ ጠርዙ ብትጠጋ እሷንም ወሰዳችሁ። ወገኑ ከሆንክ ካሳዋን፣ ጉማውን ክፈላ!”

“የምትታለብ ላም አለችኝ። ውሰዳት። ከደኑ ሣር በማጭድ እንድታጭድም አለቆቼን እለምናለሁ፣ ወላሂ።”

ቀልዱን መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ከእሷ ሌላ ላም እሱም የለውም።

አግማስ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገ። “ካሳ ብቻውን ዕርቅ አይሆንም። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተበዳይ ፊት ይቆማል። የእርስዎ ሕግ ነው፣ ሼሁ። እንግዲያው ይምጣና ይቁም!”

ሕጉ እንዲያ ነው።

አግማስ መንገዱን ቀጠለ፤ ተከተልነው። ከበታች ኮምቦልቻ ከነፋብሪካው ጭስ ይታያል። ላሟ ከጥዱ ሥር ወድቃለች። አግማስ ተንበረከከና ከረጢቱን መፍታት ጀመረ።

ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ይጮኹ ነበር። ድንገት ጸጥ አሉ።

ሀምዲን ክንዴን ያዘኝ። ከቁጥቋጦው ወጣች። እስካሁን “እሱ” ስንለው የነበረው ነብር እሷ ናት። ደቦሏን ማጅራቱን በአፏ ይዛ ተሸክማለች። ከክብደቱ የተነሳ አንገቷ ዝቅ ብሏል። ፀሐይ ጀርባዋ ላይ አርፋ ነጥቡ ሁሉ በራ።

በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፍጥረት ከቤቴ በላይ እንደሚኖር በጆሮ እንጂ በዓይን አላውቅም ነበር። ቆመች። አግማስን አየችው። ቁጣም ፍርሃትም አላየሁባትም። ተራራው ራሱ ዓይን አብቅሎ የሚያየን መሰለኝ።

ከዚያ ዘወር ብላ ጥዶቹ መሀል ገባች። አንድ ቅጠል እንኳ አልተንኮሻኮሸም።

“ሱብሃነላህ” አልኩ። ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም።

አግማስ እንደተንበረከከ አማተበ። “ተሸክማ፣ አንገቷን ደፍታ መጣች” አለ።

ከረጢቱን መልሶ ቋጥሮ ለሀምዲን ሰጠው። ከላሟ አንገት ቃጭሏን ፈታ። ሀምዲን ቆዳውን እንኳ ይግፈፍ ብሎ ቢላዋ ዘረጋለት። አግማስ እጁን መለሰው።

“ተወውላት። አራስ ናት።”

ቁልቁለቱን ስንጀምር ወደ ሀምዲን ዞረ። “ላምህን ግን ዛሬውኑ ነው የምነዳት።”

“ቃጭሉን አምጣ፣ እኔው አስርላታለሁ” አለ ሀምዲን።