ጾመኛው ጠላቂ

«ዛሬ ምግብ በልተሃል? ውሃስ ጠጥተሃል?»

ጠያቂው ሊዮን ነው፤ የጠላቂዎቹ አለቃ። ማንም ጠላቂ ይህን ሳይጠየቅ ባሕር አይገባም። እሱ የቆመው ቴክሳስ ጠረፍ ላይ፣ መርከብ ወለል ላይ ነው፤ ድምፁ ግን በሳተላይት ተሻግሮ ፋርመርስ ብራንች ከተማ፣ መስኮት የሌለው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችው ስርጉት ጆሮ ይደርሳል።

«የስ» አለ ናሆም፣ ምንም ሳያመነታ።

ውሸቱን ነው። ስርጉት ታውቃለች። ይህ ታናሽ ወንድሟ ሁዳዴን በበርገር የሚያሳልፍ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚባል ነገር የረሳ ሰው ነው፤ ፍልሰታ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ቀርቶ ጠብታ ውሃ በአፉ አይዞርም። ዩለስ ከተማ የሚኖሩት እናታቸው፣ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ከልጅነቱ ያስያዙት ጾም ነው፤ አሜሪካ ስንቱን ስታስጥለው ይህን አላስጣለችውም።

ትናንት በስልክ ለምኗት ነበር። «ስርጉቴ፣ ሊዮን ከሰማ ዳይቩን ካንስል ያደርገዋል። ፈቃዱ ደግሞ ነገ ያበቃል። ሌላ ፈቃድ እስኪወጣ ማዕበሉ የሰመጠውን መርከብ አሸዋ ያለብሰዋል። ኦኬ? አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

ዝም አለች። ምን ታድርግ? በባሕሩ ወለል የተኛው የእንጨት መርከብ ከሰመጠ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ማየት፣ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ መንካት ክልክል ነው። አንዲት ሳንቃ ከተነካች ሥራው ይቆማል። ለዓመታት የሰው ረዳት ሆኖ ሲጠልቅ የኖረው ናሆም ስሙ ፈቃድ ላይ ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነው። ያን ቀን ሁለቱም ስልክ ላይ አልቅሰዋል። እሷ ከቢሮዋ ሆና የምትነዳት ትንሽ ሮቦት ከውሃው በታች መብራት ታበራለታለች፣ በካሜራዋም ትከተለዋለች።

ናሆም ወረደ።

ስክሪኑ ላይ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ቀስ በቀስ የመርከቡ የጎድን እንጨቶች ብቅ አሉ። ናሆም ከእንጨቶቹ ክንድ ያህል ርቆ ተንሳፈፈ። ይገርማታል። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሳይሰብር የማይውል ዝርክርክ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ አንዲት ነገር አይነካም።

«ናሆሜ፣ ሰላም ነህ?» አለችው በአማርኛ።

«ሰላም ነኝ፤ ደግሞ ጀመርሽ?»

ደስ አላት። ቀልድ ካለ ምንም የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው እንጨት ላይ ሲደርስ መለኪያው ከእጁ አመለጠ። አነሳው። እንደገና አመለጠው።

«ናሆሜ?»

መልሱ ዘገየ። ድምፁም ምስሉም ከባሕሩ እስኪደርሳት ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል፤ በዚያ ራሷን አጽናናች።

«እ… አለሁ» አለ። ከእንቅልፍ የቀሰቀሱት ሰው ድምፅ ነበር።

ተናገሪ አላት ልቧ። ብትናገርስ? መዋሸቱ ከታወቀ ከእንግዲህ ማን ያስጠልቀዋል? የቀረውም ጥቂት ነው። መብራቱን ብቻ አስጠጋችለት።

ያኔ ናሆም እጁን ዘርግቶ አንዱን እንጨት ያዘ።

አያያዙ ሊወድቅ ያለ ሰው የደረጃ መደገፊያ እንደሚይዘው ነበር። ጥቁሩ እንጨት በጣቶቹ ሥር ተፈረፈረና ውሃው ደፈረሰ።

«ናሆም! እጅህን አንሣ!» ሊዮን ጮኸ። «ፈቃዱን ልታሳጣን ነው?»

ስርጉት ግን ስለ ፈቃዱ ማሰብ አልቻለችም። ወንድሟ እያወቀ አይነካም፤ ነክቷል ማለት ራሱን አያውቅም ማለት ነው።

«ሊዮን፣ አልበላም!» አለች። «ውሃም አልጠጣም። ጾም ላይ ነው። አውቅ ነበር… አውቅ ነበር! አውጡት!»

ከዚያ ሊዮን ተጠባባቂውን ጠላቂ ሲያዝ ሰማችው። ወዲያው ወደ እሷ ተመለሰ፤ «መብራቱን ከእሱ ላይ እንዳታነሺ። በደፈረሰው ውሃ ውስጥ ጠላቂው የሚያገኘው በአንቺ መብራት ነው።»

ናሆም እንጨቱን ለቀቀ። በሁለት የጎድን እንጨቶች መካከል ቁልቁል መስመጥ ጀመረ። ስርጉት ሮቦቷን ዝቅ አደረገች። ብትፈጥን ልትገጨው ነው፤ ብትዘገይ ሊጠፋባት ነው። የምታየው ደግሞ አሁን ያለበትን አይደለም፤ ቀድሞ የነበረበትን ነው። በጆሮዋ ትንፋሹ ይሰማታል፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ረጅም ዝምታ፣ እንደገና ወደ ውስጥ።

«እመብርሃን» አለች ጮክ ብላ፤ «ላንቺ ብሎ ነው እኮ! ላንቺ ብሎ ነው!»

ከድፍርሱ ውስጥ ቢጫ ጓንት ብቅ አለ። ተጠባባቂው ናሆምን ብብቱ ሥር ያዘው፤ ተያይዘው ወደ ላይ ወጡና ከካሜራዋ ጠፉ። ስክሪኑ ላይ የተፈረፈረው እንጨት ብቻ ቀረ። መርከቡ ላይ ሄልሜቱን ሲያወልቁለት የሚናገርበት ማይክ አብሮ ወለቀ፤ ትንፋሹ ከጆሮዋ ተቋረጠ።

አሁን የሚሰማት በሊዮን መስመር የሚመጣው የመርከቡ ወለል ድምፅ ነው፤ ሩጫ፣ የሚንሿሿ ውሃ፣ የሚጯጯሁ ሰዎች።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው። አንዱን ጆሮዋን ለእሳቸው ሰጠች።

«ከቅዳሴ መውጣታችን ነው» አሉ። ድምፃቸው ደስ ያለው ነበር። «ዘጠኝ ሰዓት አለፈ እኮ። ያ ልጅ እህል ቀመሰ ወይ?»

«ቆይ እማዬ።»

«ምን ሆንሽ? ማነው የሚጮኸው?»

በሌላው ጆሮዋ ሊዮን ስሙን በሚያጣምምበት የፈረንጅ አፉ ይጣራል፦ «ናሆም! ናሆም!»

«እየጠሩት ነው» አለች ስርጉት።

እናትና ልጅ ትንፋሻቸውን ይዘው ናሆም «አቤት» እስኪል ጠበቁ።