የሰኞና የሐሙስ ሴት

ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ነው። ሰኞና ሐሙስ ባየህ ከወረታ መኪና ይዞ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ሚስቱ ይርገዱ የሩዝ ማሳው ውሃ ውስጥ ገብታ አረም ትነቅላለች። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። በተዘጋ ቀን ሁለቱም ከጭንቀት እህል አይቀምሱም።

ኩላሊቱ ሥራውን ትቷል። ባሕር ዳር ሆስፒታል አስተኝተው ደሙን በማሽን ያጥቡለታል። ይህን ከባልና ሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። የሚያርሱት መሬት የአማከለች ነው፤ ምርቱን ከእሷ ጋር እኩል ይካፈላሉ። አማከለች ክፉ ሰው አይደለችም፣ ፈሪ ናት እንጂ። አራሹ አልጋ ያዘ ሲባል ከሰማች መሬቱን ለሌላ ትሰጣለች። ሩዙ እስኪሰበሰብ ዝም እንበል አለ ባየህ። ዝም አሉ።

አገር ግን ዝም አይልም። ጃኬት ለብሶ በሳምንት ሁለቴ ከተማ የሚመላለስ ገበሬ ምን ጉዳይ አለው? የይርገዱ ጎረቤት ሙናዬ ነገሩን ጨረሰችው፤ ውሽማ ይዟል አለች። ወንፈል ወጥተው ጎንበስ ብለው ሲያርሙም ያችኛዋ ጥሩ ሳታበላው አትቀርም፣ ፊቱ እንኳ ሞላ ሞላ ብሏል እያለች ነካካቻት። እብጠት ነው። ይርገዱ እጇን ወደሚቀጥለው አረም ዘረጋች። ማስረዳትም ጉልበት ይጠይቃል፣ የእሷን ጉልበት አረሙ ጨርሶታል።

ረቡዕ ከሰዓት ሽማግሌ መጣባቸው። መምሬ ይሄይስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ የሙናዬ ባል በላቸው ከኋላ። ባየህ ጫማ እንቢ ያለውን እግሩን በጋቢው ሸፍኖ ተቀመጠ። ልጅ ድረህ፣ የልጅ ልጅ አይተህ፣ በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ ብለው ገሠጹት። ባየህ ሚስቱን አየት አደረገና አንገቱን ደፋ።

«አጥፍቻለሁ» አለ።

ይርገዱን ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ወደ ሌላ ያልጣለ ሰው፣ ለሌለች ሴት ይቅርታ ሲለምን! ነገሩ በዚህ አለቀ ብላ ስትተነፍስ መምሬ መስቀሉን አነሡ። ዕርቁ እንዲጸና ከነገ ጀምሮ ባሕር ዳርን እንዳትረግጥ እገዝትሃለሁ አሉት።

ነገ ሐሙስ ነው። ባሏን ታውቀዋለች፤ ቤቱ ተኝቶ ይሞታል እንጂ ግዝት አያፈርስም።

«መምሬ፣ እንዳይገዝቱት» አለች ብድግ ብላ።

«ለአንችው ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ይሂድ። ሰኞና ሐሙስ የእሷ ነው። የቀረው ለእኔ ይበቃኛል።»

ቀድሞ የተናገረ በላቸው ነው። «ይገርማል እናንተው! መስተፋቅሩን እሱን ቢያቀምሱት ይችን ያዛት።»

መምሬ አልሳቁም። እሷን አዩ፣ እግሩን የሸፈነበትን ጋቢ አዩ። ከሳሽ በሌለበት ማንን እገዝታለሁ ብለው መስቀሉን ከብብታቸው ከተቱ። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ወጡ።

«ስምሽን አጠፋሁት» አላት ባየህ፣ ሲርቁ ጠብቆ።

ጋቢውን ገልጣ እግሩን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ስርጉዱ ሳይሞላ ቆየ።

«የመጀመሪያውን መኪና ነው የምትይዝ» አለችው፤ ከዚያ ሳይመሽ አረሟን ልትጨርስ ወጣች። ሙናዬ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ይርገዱ ደህና ዋልሽ ብላት አለፈች።