ያልተከፈተው ጠርሙስ

ሊሻን እንዳለው፣ ስመኝ በዕረፍት ሰዓት ወደ ክፍል ተመልሳ መስኮቱ ላይ ይደርቅ በነበረው የጭቃ አዞው ላይ ውሃ አፍስሳለች። ስመኝ እንዳለችው ደግሞ፣ እናቷ የሰጠቻትን ውሃው በረዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ አዞው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች እንጂ ክዳኑን እንኳ አልነካችም።

ሁለቱም የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ናቸው፤ ሁለቱም እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። የአዞው ሆድ ተንዷል፤ እግሮቹ ተመልሰው ጭቃ ሆነዋል። ሥሩ ውሃ አቁሯል። የጠርሙሱ ክዳን ግን እንደታሸገ ነው።

«ስታፈስ አየሃት?» አልኩት ሊሻንን።

«ውሃውን አየሁት፣ ቲቸር!»

«እሷንስ?»

«ታዲያ ውሃው በእግሩ ነው የመጣው?»

ክፍሉ ሳቀ። ስመኝ አልሳቀችም። ዓርብ የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን ነው፤ ከየክፍሉ አንድ ልጅ ወላጆች ፊት ቆሞ አንድ ነገር ያስረዳል። ከእኛ ክፍል የተመረጠችው እሷ ነበረች። መናኸሪያ በር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጠው እናቷ ወለቴም በዚያ ቀን ሥራዋን ትታ ልትመጣ ቃል ገብታላታለች።

«እኔ አውቃለሁ!» አለ ደበሌ ከኋላ። «ጠርሙሱ እንደ እንስራ አልቦት ነው!»

ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንስራ ውስጡ ያለውን ውሃ በገላው እያወጣ እንደሚቀዘቅዝ እቤቱ ያላየ ልጅ የለም።

ጫጫታውን ሰምተው የገቡት ምክትል ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ እሌኒ እርጥቡን ጠርሙስ ዳሰሱት። «አፈሰሰችውም፣ አላበውም፣ ውሃው የወጣው ከእሷ ጠርሙስ ነው» አሉ። «የጓደኛዋን ድካም ያበላሸች ልጅ ወላጅ ፊት አትቆምም። ሊሻን ይተካት።»

«እስከ ሐሙስ ይታገሱኝ» አልኳቸው። «ውሃው ከጠርሙሱ የወጣ ከሆነ ስሟን ራሴ እሰርዛለሁ።»

«ይፍሩ፣ አንተና ትዕግሥትህ!» አሉ። «እሺ። እስከዚያ ግን ሊሻን ይለማመድ።»

በማግስቱ ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውሃና ባዶ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። ከሳሹ ሊሻን ስለሆነ እሱ እንዲሞላው ሰጠሁት።

«እነስመኝ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ግን አይገባም» አለ። «ታጭበረብራለች።»

«አንተ ነህ አጭበርባሪ!» አለች ስመኝ።

«ልክ ነው፣ እዚያ አይገባም» አልኩ። «ሲቀላ ሰፈር የማውቀው ጁስ ቤት አለ፤ እዚያ አስቀምጠዋለሁ። እስከ አፉ አትሙላው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል።»

«እንደ ሊሻን ጉንጭ!» አለ ደበሌ።

ሊሻን ክዳኑን ጥርሱን ነክሶ ጠመዘዘው። በፕላስተር ጠቀለለውና ማንም እንዳይነካው ላዩ ላይ ስሙን ጻፈበት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሙቀቱ በርትቶ ነበር፤ ከከተማችን ሐይቆች በኩል የሚመጣው አየር ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ወይዘሮ እሌኒ መጥተው በር ላይ ቆሙ። ሊሻን ፕላስተሩን ዙሪያውን መረመረ።

«አልተነካም» አለ። ማመን አልፈለገም፤ ግን አልዋሸም።

ቀዩን በረዶ የያዘውን ጠርሙስ ጠራርጌ ነጭ ሳህን ላይ አቆምኩት። ልጆቹ ከበቡት። መጀመሪያ ላዩ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ለበሰ። ጉሙ ጠብታ ሆነ፤ ጠብታዎቹ እየተያያዙ ወደ ሳህኑ ወረዱ።

«አላበው! አላበው!» ብሎ ጮኸ ደበሌ።

ለሊሻን ነጭ ጥጥ ሰጠሁት። ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች ጠረገው። ጥጡን አየው፤ ገልብጦም አየው።

«ቀይ አይደለም» አለ በቀስታ።

«ጮክ በል!» አለች ስመኝ።

«ቀይ አይደለም!»

ደበሌ ሳህኑ ውስጥ ጣቱን ነክሮ ላሰ። «ውሃ ውሃ ነው የሚለው! ቀይ ስር የለበትም!»

«ውስጡ ያለው ቀይ ከሆነ፣ ይሄኛው ከየት መጣ?» አልኩ።

ወደ ሳህኑ አጎነበሱ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ስመኝ ጠርሙሱን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና ድንገት እጇን አወጣች።

«ዶርዜ ተራራ ላይ አጎቴ ጋ ስናድር፣ ጠዋት የእንሰቱ ቅጠል እርጥብ ነው። ዝናብ አልዘነበም፤ ማንም አላፈሰሰበትም።»

«ጤዛ ነዋ!» አሉ ብዙ ድምፆች።

«ጤዛው ከየት ይመጣል?» ስመኝ አሁን የምትጠይቀው እነሱን ነበር። «ሌሊት ቅጠሉ ይቀዘቅዛል። ጠርሙሱም ቀዝቃዛ ነው። ቅጠሉ ክዳን የለውም፤ ጠርሙሱ አልተከፈተም። ሁለቱንም የነካቸው አየሩ ብቻ ነው!»

«አየር ውስጥ ውሃ ካለ ለምን አንሰምጥም?» አለ ደበሌ።

«ተን ሆኖ ስለተበተነ ነው! አይታይም። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ነው ተመልሶ ውሃ የሚሆነው። አይደል ቲቸር?»

«ነው» አልኩ።

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ዴስክ የሚደበድብ፣ ምላሱን አውጥቶ የሚዘል፣ አየሩን በእፍኙ ጨብጦ ውሃ ሊጨምቅ የሚሞክር ነበር። ሊሻን ራሱ ጠርሙሱን ደጋግሞ እየጠረገ እንደገና እስኪያልበው ይጠብቅ ነበር። ስመኝ መሐላቸው ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች።

ወይዘሮ እሌኒ ወደ ጠርሙሱ መጥተው አንድ ጠብታ በጣታቸው አነሱና በብርሃን አዩት።

«ከጠርሙሷ ነው የወጣው ብዬ ነበር» አሉ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። «ተሳስቻለሁ። ስመኝ፣ ይቅርታ የኔ ልጅ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሊሻን ግን ሲለማመድ ሰነበተ፤ ለአባቱም ነግሯል። እንዴት እናድርግ ይፍሩ? ነገ ማን ይቁም?»

ሊሻን እርጥቡን ጥጥ ዴስኩ ላይ አስቀምጦ ተነሣ።

«ለአባቴ እኔው እነግረዋለሁ» አለ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስመኝ ትቁም!»