የሎሚ ቁርስ

እጄ አሁንም ጨው ጨው ይሸታል፤ ግን ዛሬ ካልነገርኳችሁ እፈነዳለሁ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ውስጥ፣ ከካውያ ጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ የባሕር አኳሪየም አለው። የምሬን ነው። ጨዋማ ውሃ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚዘጉ ኮራሎች፣ መሃል ላይ ደግሞ ሎሚ። ሎሚ ቢጫ ዓሣ ናት፤ እንደሷ ያለ ሆዳም አይቼ አላውቅም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ሱሪውን ረስቶ እሷን ሲያይ ይቆማል።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አባዬ ውሃውን አይቀይርም። ሌላው ሰው በየጊዜው ግማሹን ደፍቶ፣ የባሕር ጨው በጥብጦ በአዲስ ይተካል። እኛ ጋ ያ ጨው እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከሥር ካቢኔቱ ውስጥ መብራት ያላት ሌላ ትንሽዬ የመስታወት ገንዳ አስቀምጧል፤ ውሃው በቱቦ ወደሷ ይወርድና በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። እዚያ ውስጥ የተወሳሰበ አረንጓዴ ክር የሚመስል የባሕር ሣር ያድጋል። ዓሦቹ የሚያቆሽሹትን ሣሩ ይበላዋል። ሲበዛ አባዬ በልብስ መቀሱ ይከረክመውና ይጥለዋል፤ ቆሻሻው አብሮ ወጣ ማለት ነው። የተነነውን በተጣራ ውሃ ይሞላል፣ ጨው እንደሆነ አይተንም። በቃ፣ ይኸው ነው።

"ይሄ ሣር የጠፋ ዕለት ግን፣" ይላል ሁሌ፣ "ሁሉንም ለሆቴሉ ሰውዬ ነው የምሰጠው። ዓይኔ እያየ አይሞቱም።"

የሆቴሉ ሰውዬ ኮት ሊያስጠብብ በመጣ ቁጥር "እስካሁን አልጠፋም?" እያለ ይስቃል። እኔ ሎሚን ሲጋራ በሚጨስበት አዳራሽ ውስጥ አስባትና ሄጄ ሣሩን አያለሁ።

ዛሬ ጠዋት አባዬ ጨርቅ ሊገዛ ወጣና ሱቁን ለእኔና ለአክስቴ ተወልን። አክስቴን ካላወቃችኋት፣ ሰው ቤት ገብታ ከመቀመጧ በፊት ቴሌቪዥኑ ላይ ጣቷን የምታሳልፍ ሴት ናት። እኔ በአባዬ መቀስ ከሣሩ አንድ ዘለላ ቆርጬ፣ የሎሚን ቁርስ አኳሪየሙ ጠርዝ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጬላት፣ ደንበኛ የረሳችውን ቀሚስ ላደርስ ሄድኩ።

ስመለስ ሱቁ በረኪና በረኪና ይሸታል። የካቢኔቱ በር ተከፍቷል። የትንሿ ገንዳ መብራት በርቷል። ውስጧ ባዶ ውሃ።

"አክስቴ፣ እዚህ የነበረው የታለ?"

"የቱ?"

"አረንጓዴው።"

"አባትሽ እኮ ይገርመኛል። ላዩን እንደ ሙሽራ ኳኩሎ ሥሩ ሻጋታ ያከማቻል። ለቅሜ ጣልኩት።"

"ውሃው ውስጥ በረኪና ጨመርሽ?"

"ወለሉን ነው የወለወልኩት። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"ሻጋታ አይደለም። የውሃው ኩላሊት ነው።"

"የምን ኩላሊት?"

"የት ጣልሽው?"

"ፌስታሉን በር ላይ..." ብላ ሳትጨርስ የቆሻሻ መኪናው ጥሩምባ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ።

እንዴት እንደሮጥን አትጠይቁኝ። አክስቴ መወልወያውን እንኳን አልጣለችም፤ መንገደኛው ልትደበድበኝ የምታባርረኝ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። ደረስንበት። ቆሻሻ ሰብሳቢው ፌስታሎቹን አወረደልን፣ አክስቴ የራሷን ቋጠሮ አውቃ ፈታችው።

ሣሩ በረኪና የጠጣ ጨርቅ ሥር ነበር። ግማሹ ነጥቷል።

"ለሰላጣ ነበር?" አለ ሰብሳቢው።

"ብናጥበውስ?" አለች አክስቴ ድምፅዋ ቀጥኖ።

"ጠብታ ከቀረበት ዓሦቹን ሁሉ ይፈጃቸዋል፣" አልኳት።

መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አክስቴ፣ መንገድ ላይ፣ ምንም ሳታነጥፍ። "እኔን አፈር ያርገኝ። ያቺ ቢጫዋስ እንግዲህ ምን ልትበላ ነው?"

"እሷማ ቁርሷን ሰጥቻታለሁ፣ ከሣ..."

ተያየን። ከዚያ እንደገና ሩጫ።

ሎሚ መቆንጠጫው ላይ ተንጠልጥላ እየጎተተች ነበር። የቀረው የጣቴን ያህል ነው። አክስቴ እጇን ልትከት ስትል "በረኪና ነክተሻል" ብዬ ገፋኋት፤ ደግነቱ ፌስታሉን የነካችው እሷ ብቻ ናት። እኔ እጄን ሰደድኩ። ሎሚ ጅራቷ ሥር ምላጭ የመሰለ እሾህ አላት፤ በሱ አውራ ጣቴን ቀደደችኝ። ስደነግጥ መቆንጠጫው ተከፈተና ቁራጯ ወደ መሃል ተንሳፈፈች። ሎሚም ዞረች።

"መስታወት አምጪ፣" አልኩ፣ "ደንበኛ ጀርባውን የሚያይባትን።"

አክስቴ የእጅ መስታወቷን አንስታ አኳሪየሙ ላይ ከውጭ ለጠፈቻት። ሎሚ ሌላ ቢጫ ዓሣ አየች። ክንፎቿን ወጠረች፣ ጎኗን ሰጠች፣ ለጠብ ተዘጋጀች። "ነይ፣ ነይ ወደ እናትሽ፣" እያለች አክስቴ መስታወቷን በቀስታ ወደ ዳር ወሰደች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ቁራጯን በሁለት ጣቴ ያዝኩና ከሥር ትንሿ ገንዳ ውስጥ፣ መብራቱ ፊት አስቀመጥኳት።

አባዬ ሲመጣ አክስቴ ሰላም ሳትለው "እኔ ነኝ" ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው። እሱ ካቢኔቱ ፊት ተንበረከከና ቁራጯን ቀረብ ብሎ አያት። 

"ለሆቴሉ ልትሰጣቸው ነው?" አልኩት።

"ነይ እስቲ እዪ።"

ቁራጯ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ አረፋዎች ተደርድረዋል።

"ትተነፍሳለች፣" አለ። "ትበዛልናለች። እስክታድግ ግን የዓሦቹ ምግብ በግማሽ፣ ውሃው እንዳይቆሽሽ።" መቀሱን እኔ የማልደርስበት ሚስማር ላይ ሰቀለው።

አክስቴ በርጩማ ጎትታ ካቢኔቱ ፊት ተቀመጠች፤ የገባውን ደንበኛ ሁሉ "ወዲህ አትጠጋ" ትላለች። ሎሚ ደግሞ ከባዶው መቆንጠጫ ሥር ሆና፣ እስክንዘጋ ድረስ፣ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።